አዲሱ የግብር መጣኔ ያጋለጠው ረጅም ኮድ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ከወጣ ወዲህ አዲሱ መጣኔ ለደመወዝተኛው ምን ያህል እፎይታ እንደሰጠና ከኑሮ ውድነቱ አንጻር በቂ ስለመሆኑ በጋዜጣችሁም በሌሎችም ብዙ ተጽፏል። አዋጁ በየድርጅቱ የፔሮል (የደመወዝ ማስያ) ሶፍትዌር ውስጥ ሲገባ ምን እንደገጠመው ግን የጻፈ ሰው አላየሁም። እኔ የምተዳደረው ሌሎች የሠሯቸውን የፔሮልና የሂሳብ ሶፍትዌሮች በመጠገን ስለሆነ፣ ጉዳዩ የባለሙያዎች የውስጥ ወሬ ሆኖ መቅረት የለበትም ብዬ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ለማለት የፈለግሁት አንድ ነገር ነው፦ የተጻፈ ኮድን ማጽዳት፣ ማለትም ረጃጅም ሜተዶችን (ስም የተሰጣቸውን የኮድ ክፍሎች) መከፋፈልና የማያገለግሉ ቫሪያብሎችን (ዋጋ እንዲይዙ የተሰየሙ ስሞችን) ማስወገድ፣ በጀትና ጊዜ ሊመደብለት የሚገባ መደበኛ ሥራ ነው፤ ትርፍ ጊዜ ሲገኝ ብቻ የሚሠራ የማስዋብ ሥራ ተደርጎ መታየቱ ሠራተኛውንም አሠሪውንም ገንዘብ ያስከፍላል።

ለውጡ በወረቀት ላይ ትንሽ ነው። በአዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ከግብር ነፃ የነበረው ወርኃዊ ደመወዝ እስከ 600 ብር ሲሆን አሁን እስከ 2,000 ብር ሆኗል፤ የ35 በመቶው መጣኔ ቀድሞ ከ10,900 ብር በላይ ይጀምር የነበረው አሁን ከ14,000 ብር በላይ ሆኗል። የሂሳብ ሠራተኞቻችን ደግሞ እርከን በእርከን ከመደመር ይልቅ ደመወዙን በደረሰበት መቶኛ አባዝተው የተወሰነ ተቀናሽ በማንሳት በአንድ መስመር ይጨርሱታል። 12,000 ብር ለሚከፈለው ሠራተኛ ቀድሞ በ35 በመቶ ተባዝቶ 1,500 ሲቀነስ ግብሩ 2,700 ብር ይመጣ ነበር፤ አሁን በ30 በመቶ ተባዝቶ 1,350 ሲቀነስ 2,250 ብር ይመጣል። በቅጡ በተደራጀ ፕሮግራም ውስጥ ይህ ሠንጠረዥ ያለው አንድ ቦታ ስለሆነ ማስተካከያው ከምሳ በፊት የሚያልቅ ሥራ ነው። በሌሎቹ ግን ሳምንታት ፈጅቷል፤ በአንዳንዶቹም አለቀ ከተባለ በኋላ እንኳ አላለቀም ነበር።

ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ድርጅት ውስጥ ያየሁትን በዝርዝር ልግለጽ። የደመወዙን ስሌት የሚሠራው አንድ ሜተድ ከአንድ ሺህ መስመር በላይ ነበር። ሜተድ ወይም ፈንክሽን የምንለው ስም ተሰጥቶት አንድ ሥራ እንዲሠራ የሚጻፍ የኮድ ክፍል ነው፤ ይህኛው ግን የቀሪ ሰዓትን ከመቁጠር ጀምሮ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያን በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በአንድ ተኩል፣ በአንድ ከሦስት አራተኛ፣ በእጥፍና በሁለት ተኩል እያባዛ፣ ግብሩን፣ የሠራተኛውን 7 በመቶና የአሠሪውን 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ የዩኒቨርሲቲ ወጪ መጋራትን፣ የብድርና ቁጠባ ማኅበር ተቀናሽን አስልቶ፣ በመጨረሻ ለባንክ የሚላከውን ዝርዝር ያትማል። በሜተዱ አናት ላይ ወደ ስልሳ የሚጠጉ ቫሪያብሎች ተደርድረዋል። ከእነሱ አንዱ ስሙ «ታክስ ሬት» የሚል ሠንጠረዥ ሲሆን፣ የ979/2008 መጣኔዎችን አንድ በአንድ ይዞ ነበር።

አዋጁ እንደወጣ ማስተካከያውን እንዲሠራ የታዘዘው ባለሙያ፣ ማንኛችንም እንደምናደርገው፣ ኮዱን ከላይ ጀምሮ አነበበ፣ «ታክስ ሬት» የሚለውን አገኘ፣ ቁጥሮቹን በአዲሶቹ ተካ፣ ፕሮግራሙን አስነሳ። ምንም ስሕተት አልታየም። ስሕተት ያልታየው ግን በዚያ ሺህ መስመር ውስጥ ያንን ሠንጠረዥ የሚያነብ አንድም መስመር ስላልነበረ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ስሌቱን ወደ ታች አውርዶ ቁጥሮቹን ያለ ስም «ደመወዙ ከዚህ በላይ ከሆነ» በሚሉ ቅድመ ሁኔታዎች መካከል ሲጽፋቸው፣ የላይኛውን ሠንጠረዥ ሳያጠፋው ሄዷል። የዚያ ወር ደመወዝ በአሮጌው መጣኔ ተቆርጦ ወጣ። ሠራተኞቹ ሲያጉረመርሙ ትክክለኛው ቦታ ተፈልጎ ተገኘና የእርከኖቹ ወሰን ተስተካከለ፤ የ30 በመቶው ወሰን ከ10,900 ወደ 14,000 ከፍ አለ፤ መቶኛው ራሱ ስላልተለወጠ የሚነካ አልመሰለም። ከአጠገቡ የነበረው 955 የተባለ ቁጥር ግን እንዳለ ቀረ። 955 ስለራሱ የሚናገረው ነገር የለውም፤ የአሮጌው እርከን ተቀናሽ መሆኑን የሚገልጽ ስምም ማብራሪያም አልነበረውም። ስለዚህ ከላይ የጠቀስኩት የ12,000 ብር ደመወዝተኛ በ2,250 ፈንታ 2,645 ብር ተቆረጠበት። 395 ብር ለአንድ ሠራተኛ በአንድ ወር ቀላል አይደለም፤ ከዚያም በላይ ግብሩ ለገቢዎች በስሕተት ተገልጾ ከተከፈለ በኋላ ማስመለሱ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

ባለሙያውን ሰነፍ ነው ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ሺህ መስመር ያለውን ሜተድ በአእምሮው ይዞ፣ አርባኛው መስመር ላይ የተሰየመ ነገር ሰባት መቶኛው ላይ ምን እንደሆነ የሚያስታውስ ሰው የለም። የማያገለግል ቫሪያብል ጉዳትም እዚህ ላይ ነው። ብዙዎች «የኮምፒውተሩን ማኅደረ ትውስታ ከማባከን በቀር ምን ይጎዳል?» ይላሉ፤ ማኅደረ ትውስታውማ ኢምንት ነው፣ አብዛኞቹ ዘመናዊ ኮምፓይለሮች (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉሙ ፕሮግራሞች) ራሳቸው ያስወግዱታል። የሚጎዳው አንባቢውን ነው፤ ቫሪያብሉ በስሙ «ስሌቱ እኔ ጋ ነው» ብሎ ይመሰክራል፣ ምስክርነቱም ሐሰት ነው።

የሚያሳዝነው ይህ በሽታ በዓይን እንኳ መፈለግ የማያስፈልገው መሆኑ ነው። ሲ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ኮምፓይለሮች ሲጠየቁ ያልተነበበ ቫሪያብልን በማስጠንቀቂያ ይጠቁማሉ፤ ለጃቫ፣ ለፒኤችፒና ለፓይተን በነፃ የሚገኙ የኮድ መመርመሪያዎች አሉ፤ ጎ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ደግሞ በሜተድ ውስጥ ተሰይሞ ያልተነበበ ቫሪያብል ካገኘ ፕሮግራሙን ጨርሶ አልሠራም ይላል። እኔ በማያቸው ፕሮጀክቶች ግን ማስጠንቀቂያዎቹ ወይ ተዘግተዋል፣ ወይም በመቶዎች ተከማችተው ማንም አያያቸውም። ማስጠንቀቂያ ሲበዛ እንደሌለ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ወደ ዜሮ አውርዶ በዜሮ ማቆየት እንጂ ግማሹን መቀነስ ብዙ አይጠቅምም።

የተተወ ኮድ ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል በዓለም ላይ የታወቀው ምሳሌ ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን አገበያይ ድርጅት ነው። ድርጅቱ ፓወር ፔግ በተባለ የግብይት ስልት መጠቀም ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2003 ቢሆንም ኮዱን ሳያስወግደው ቀረ። በ2012 አዲስ ፕሮግራም ሲጽፉ ያንን አሮጌ ኮድ ይቀሰቅስ የነበረውን ምልክት ለአዲሱ ሥራ መልሰው ተጠቀሙበት፤ አዲሱን ኮድ ወደ ስምንት ሰርቨሮች ሲያሠራጩ ደግሞ አንዱ ተረሳ። ነሐሴ 1 ቀን 2012 (በእነርሱ አቆጣጠር) ገበያው ሲከፈት፣ ያ የተረሳው ሰርቨር ምልክቱን ሲያገኝ ለዓመታት ተኝቶ የነበረውን ፓወር ፔግን ቀሰቀሰው። በ45 ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ ከ4 ሚሊዮን በላይ ግብይቶች ተፈጸሙ፤ ኪሳራውም ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በቀጣዩ ዓመት የ12 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ጣለበት፣ ድርጅቱም በዚያው ዓመት ከሌላ ኩባንያ ጋር ተዋሐደ። ጥፋቱ የአንድ ሰርቨር መረሳት ብቻ ነው የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ሰርቨሩ ባይረሳ ያ ቀን በሰላም ያልፍ ነበር፤ ኮዱ በ2003 ተሰርዞ ቢሆን ግን የተረሳውም ሰርቨር የሚቀሰቅሰው ነገር አያገኝም ነበር።

ሆኖም ያገኙትን ሁሉ በጭፍን መሰረዝን እየደገፍኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ዴቢያን በተባለው የሊኑክስ (በነፃ የሚገኝ የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና) ስርጭት ውስጥ፣ የመመርመሪያ መሣሪያ ባወጣው ማስጠንቀቂያ ምክንያት ኦፕን ኤስኤስኤል ከሚባለው የምስጢር መጠበቂያ ሶፍትዌር ጥቂት መስመሮች እንዳይሠሩ ተደረጉ። መስመሮቹ አላስፈላጊ ይመስሉ ነበር፤ በእርግጥ ግን የምስጢር ቁልፎች የማይገመቱ እንዲሆኑ የሚያደርገውን ዘፈቀዳዊነት የሚያስገቡት እነርሱ ነበሩ። ከዚያ በኋላ በእነዚያ ኮምፒውተሮች ላይ የተፈጠሩ ቁልፎች ዓይነታቸውና መጠናቸው አንድ እስከሆነ ድረስ ከ32,768 አማራጮች የማያልፉ ሆኑ፤ ነገሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2008 ነው። በእኛም ሥራ ተመሳሳይ አደጋ አለ። «ውጤት» የሚባል ቫሪያብል አንድ ሜተድ የመለሰለትን ዋጋ ተቀብሎ ከዚያ በኋላ አይነበብ ይሆናል፤ ቫሪያብሉ ይጥፋ፣ ነገር ግን የተጠራው ሜተድ ክፍያውን በመዝገብ ላይ የሚያሰፍር ከሆነ ጥሪው መቅረት የለበትም።

በዚህ ምክንያት ረጅም ሜተድ ለመክፈል የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው መቀስ ሳይሆን ማወዳደሪያ ነው፤ ለፔሮል ደግሞ ማወዳደሪያው በእጃችን አለ። ያለፉትን ወራት የተፈረመባቸውና የተከፈሉ የደመወዝ ዝርዝሮች ወስዶ፣ ኮዱ ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ያንኑ ውጤት እስከ ሳንቲም ድረስ መስጠቱን በራሱ የሚያረጋግጥ ቴስት መጻፍ ይቻላል። ከዚያ ግብር የሚያሰላው ክፍል ለብቻው ይወጣል፤ ደመወዝንና ወርን ተቀብሎ ግብርን ብቻ ይመልሳል፣ አያትምም፣ ለባንክም አይልክም። ቴስቱ ካለፈ ለውጡ ይመዘገባል፤ ከዚያ የትርፍ ሰዓቱ፣ ከዚያ ጡረታው ይቀጥላል። እኔ አጥብቄ የምይዘው አንድ ሕግ አለኝ፦ ኮድ የማጽዳት ሥራና ስሌቱን የመለወጥ ሥራ በአንድ ላይ አይሠሩም። አዲሱን አዋጅ እያስገቡ ሜተዱን መከፋፈል ውጤቱ ሲለወጥ ከየትኛው እንደመጣ እንዳይታወቅ ያደርጋል። ሪፋክተሪንግ የሚባለው ስያሜ የሚገባውም ፕሮግራሙ የሚሰጠው ውጤት ሳይለወጥ የውስጡ አደረጃጀት ብቻ ሲሻሻል ነው።

ከአሮጌው የትኛው ይጥፋ፣ የትኛው ይቆይ የሚለው ጥያቄ ከኮድ ዕውቀት በላይ የሥራውን ዕውቀት ይፈልጋል። በጠቀስኩት ሜተድ ውስጥ የአዋጅ ቁጥር 286/1994 መጣኔዎች፣ ከ150 ብር የሚጀምሩት ማለት ነው፣ በማብራሪያ ምልክት ታፍነው፣ ማለትም ኮምፒውተሩ እንዲዘልላቸው ተደርገው፣ ይገኙ ነበር፤ ድርጅቱ በዚያ ዘመን ያልተቋቋመ ስለሆነ ቁጥሮቹ ከሌላ ቦታ ተገልብጠው የመጡ ናቸውና መጥፋት ነበረባቸው፣ ጠፍተዋልም። የ979/2008 መጣኔዎች ግን መጥፋት የለባቸውም። በ2016 ዓ.ም. ሊከፈለው የሚገባ ውዝፍ ደመወዝ በፍርድ ቤት የተወሰነለት ሠራተኛ ነገ ሊመጣ ይችላል፤ በዚያን ጊዜ የጸናውን መጣኔ ፕሮግራሙ ማወቅ አለበት። ስለዚህ ቦታቸው የሚጸኑበት ቀን ከጎናቸው የተጻፈበት ሠንጠረዥ ነው፣ በቅድመ ሁኔታ መካከል አይደለም። ነገ ሌላ ማሻሻያ ሲመጣ አንድ ረድፍ ተጨምሮ ሥራው ያበቃል። «ምናልባት ያስፈልግ ይሆናል» ተብሎ በማብራሪያ ምልክት የሚታፈን ኮድ ግን ሰበብ የለውም፤ ጊትን የመሳሰሉ የለውጥ መመዝገቢያዎች የተሰረዘውን ሁሉ ጠብቀው ያኖራሉ።

ረጅም ሜተድ ሌላም የተደበቀ ጠባይ አለው፤ በውስጡ አንድ ሥራ ደጋግሞ ይገለበጣል። በዚያው ፕሮግራም ውስጥ የኢትዮጵያን ቀን ወደ ጎርጎርዮሳዊ የሚለውጠው ስሌት አራት ቦታ ተገልብጦ አግኝቼዋለሁ። ሦስቱ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን እንደምትሆን ያውቃሉ፤ አራተኛው፣ የቅጥር ውል የሚያበቃበትን ቀን የሚያሰላው፣ አያውቅም። እንዲህ ያለ ስሕተት በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው ብቅ የሚለው፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ብቅ ብሎ ማንም ልብ ሳይለው አልፏል፣ ባይታይ ኖሮ በ2019 መጨረሻ ይመለስ ነበር። አራቱ ወደ አንድ ሜተድ ሲጠቃለሉ እርስ በርሳቸው እንደማይስማሙ ወዲያውኑ ታየ። ይህን ስሕተት ማንም አልፈለገውም፤ ማጽዳቱ ራሱ ነው ያወጣው።

«ለመሆኑ ረጅም የሚባለው ስንት መስመር ነው?» ተብዬ ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። ቶማስ ማኬብ የተባለ የሶፍትዌር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1976 ባቀረበው መለኪያ በአንድ ሜተድ ውስጥ ያሉትን የውሳኔ መንገዶች ቆጥሮ 10 ገደማ ላይ መቆም ይሻላል ብሏል። በናሳ የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ጄራርድ ሆልዝማን ደግሞ በ2006 ባወጣቸው አሥር ሕጎች አንድ ፈንክሽን በአንድ ወረቀት ላይ ሊታተም ከሚችለው፣ ማለትም ከ60 መስመር ገደማ፣ እንዳይበልጥ ይመክራል። ሁለቱም ጥሩ ማስታወሻዎች ናቸው፤ ቁጥሩን እንደ ጣዖት ማምለክ ግን ሌላ ችግር ያመጣል። ሁሉንም በሦስትና በአራት መስመር ቆራርጦ አንባቢውን ከፋይል ፋይል የሚያንከራትት ኮድም አይቻለሁ፣ ከረጅሙ አይሻልም። የእኔ መስፈርት ሜተዱ የሚሠራውን «እና» ሳይሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር መቻሉ ነው።

በሥራ አስኪያጆች ዘንድ የሚሰማው መልስ «የሚሠራን ነገር አትንካ» የሚል ነው። ይህ አባባል ፈጽሞ ለማይለወጥ ፕሮግራም ትክክል ነው፤ በቅርቡ ተጥሎ በሌላ ሊተካ የተወሰነ ሶፍትዌርም ካለ ባለበት ቢተው እስማማለሁ። ፔሮል ግን ግብር ሲሻሻል፣ የጡረታ መዋጮ ሲለወጥ፣ አዲስ አበል ሲፈቀድ መነካቱ አይቀርም፤ ምርጫው በጊዜ፣ በእርጋታና በቴስት እየተጠበቁ መንካት ወይም ደመወዝ ሊከፈል ሁለት ቀን ሲቀረው በጥድፊያ መንካት ነው።

ችግሩ ግን ከፕሮግራመሩ ወንበር የሚጀምር አይመስለኝም። የማያቸው የጨረታ ሰነዶች የሚፈለጉትን አገልግሎቶች በገጽ በገጽ ይዘረዝራሉ፤ ኮዱ ሌላ ሰው ሊጠግነው በሚችል መልክ መጻፍ እንዳለበት የሚናገር አንቀጽ ግን እምብዛም የላቸውም። በዚህ ሁኔታ ዝቅተኛ ዋጋ የሚያቀርበው ማጽዳቱን የሚዘልለው ነው። ርክክቡም የሚፈጸመው ሪፖርቱ ሲታተም ታይቶ ነው። የፋይናንስ ኃላፊዎች ኮድ ማንበብ አይጠበቅባቸውም፤ ነገር ግን ምንጭ ኮዱ ከእነ ቴስቶቹ እንዲረከቡ፣ የኮድ መመርመሪያው ሪፖርት ከክፍያ ጥያቄው ጋር እንዲቀርብላቸው፣ በዓመታዊ የጥገና ውላቸውም ለማጽዳት የተመደበ ሰዓት በግልጽ እንዲጻፍ መጠየቅ ይችላሉ። ለአቅራቢው ማቅረብ የሚችሉት ቀላል ጥያቄም አለ፦ «የግብር መጣኔው የተጻፈው ስንት ቦታ ነው?» ከአንድ በላይ የሚል መልስ ከመጣ ለቀጣዩ ማሻሻያ የሚያወጡት ወጪ ምን እንደሚሆን ከወዲሁ ያውቁታል።

በሥልጠናውም በኩል የምለው አለኝ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነውን የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ጨምሮ የኮድ ትምህርት በስፋት መዳረሱ ያስደስተኛል። ሆኖም ወደ ሥራ የሚመጡ ወጣቶች ኮድን ከባዶ ገጽ መጻፍ እንጂ ሌላ ሰው የጻፈውን አንብበው ማሻሻል ሲለማመዱ አላየሁም፤ በሥራ ዓለም የሚጠብቃቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ነው። አሁን ደግሞ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች መቶ መስመር በቅጽበት ስለሚጽፉ፣ ያልተነበበ ኮድ ከቀድሞው በፈጠነ ሁኔታ እየተከመረ ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ለመመረቂያ ፕሮጀክት አዲስ ሶፍትዌር ከማሠራት ይልቅ፣ የቀድሞ ተማሪዎች ሠርተውት የሄዱትን አንዱን ሰጥተው «ውጤቱ ሳይለወጥ ሲሶውን መስመር ቀንሱ፣ የቀነሳችሁበትንም ምክንያት ተከራከሩበት» ቢሉ፣ ከእነዚያ ተማሪዎች አንዱን ነገ ዛሬ ሳልል እቀጥረው ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሶፍትዌር ጥገና ባለሙያ
ከአዲስ አበባ